አጣርቼ ያወጣሁት ሞቴ

ካርቱም ውስጥ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። ዜናውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ከመጻፌ በፊትም ከሁለት ምንጭ አጣርቻለሁ። በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ በጥንቃቄው የኮራሁበት ጽሑፍ እሱ ነበር። ኩራቱ ብዙ አልቆየልኝም እንጂ።

ወደዚህ ከተማ ያመጣኝም ፌስቡክ ነው። ጎንደር አስተማሪ ሳለሁ ስለ ሹሞች አንዲት ጽሑፍ ለጠፍኩ። ከዘመዶቼ ሌላ ያነበቧት ሹሞቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ግን ከዘመዶቼ ይልቅ ልብ ብለው አንብበዋታል። በመተማ በኩል ተሻግሬ ካርቱም ገባሁ። ለስደተኛ መታወቂያ ቃሌን ስሰጥ «ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት» የምትለውን ሐረግ ከመደጋገሜ የተነሳ፣ አስተርጓሚው መጨረሻ ላይ መተርጎሙን ትቶ በእጁ «ያው ነው» የሚል ምልክት ያሳይ ጀመር።

ኑሮ ትንሽ ሲረጋልኝ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ቢጫ በር ካለው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቀን ቀን ካርቱም ለተወለዱ የሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለወላጆቻቸው የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለትም ኢቃማው፣ የት ይታደሳል፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዛሬ አፈሳ አለ ወይስ የለም፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እጽፋለሁ። ስሜን አላወጣሁም። «አዘጋጁ» ብቻ ነው የሚለው። ትልልቅ ጋዜጦችም እንዲህ ያደርጋሉ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነቱ ግን ፈሪ መሆኔ ነው።

ገጹ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያልተጣራ አይወጣም። ሁለት ምንጭ ያልመሰከረለትን ወሬ አልጽፍም፤ ሌላ ሰው አስተያየት መስጫው ላይ ሲጽፈውም አጠፋለሁ። በነፃነት ልናገር ብሎ አገር ጥሎ የወጣው ሰውዬ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ ያጠናው ማጥፊያው የት እንዳለ ነው። የሰው አስተያየት ባጠፋሁ ቁጥር ደስ ይለኝ እንደነበርም አልደብቅም። ሹሞቹ ምኑ እንደሚጥማቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ጨጓራዬን የላጠው አንድ ሰው ነበር። በራሱ ፎቶ ፋንታ የአንበሳ ፎቶ ስላደረገ በልቤ ባለ አንበሳው እለዋለሁ። ካርቱም ብዙ ዘመን ኖሮ የሱዳኑ ውጊያ ሲጀመር ወደ ጎንደር የተመለሰ ሰው ነው፤ ይህን የማውቀው በየአጋጣሚው ስለሚናገረው ነው። ይህ ሰው ምንም ነገር አያምንም። ወባ የሚመጣው ከማንጎ ነው ይላል። ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው የለም ይላል። እኔ በምጽፈው ሁሉ ሥር ደግሞ «ማን አየ?» ብሎ ይጽፋል። ድልድዩ ተዘጋ ስል «ማን አየ?» ዳቦ ቤቱ ተከፈተ ስል «ማን በላ?» ተናድጄ ምንጬን እዘረዝርለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ለምንጬ ምንጭ ይጠይቀኛል። እንዲህ ስንነታረክ ከዘመድ ይልቅ ተላምደናል።

ውጊያው እየቀረበን ሲመጣ እኔ ከከተማው ደቡብ ጫፍ ወዳለ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ክፍሌን ዐማራት ሰፈር ካፌ ውስጥ ይሠራ ለነበረ ወጣት ለቀቅኩለት፤ እነሱ ሰፈር ከእኛም ብሶ ነበር። መንገድ ላይ ኬላ ጋ ስልኬን ቀሙኝ። ቁጥሮቹ ሁሉ አብረው ሄዱ፤ በቃሌ የቀሩት የገጹ መክፈቻና የእህቴ ቁጥር ብቻ ናቸው። እህቴ ጎንደር ከእናታችን ጋር ነው የምትኖረው። ብዙም ሳይቆይ የስልክ ኔትወርክ ከከተማው ጨርሶ ጠፋና እናት አባት፣ እህት ወንድም ያለው ሁሉ ወሬ እንደናፈቀው ቁጭ አለ።

ከስንትና ስንት ጊዜ በኋላ የሰፈራችን ባለሱቅ የሳተላይት ኢንተርኔት አስገባ። ከሰዓት በኋላ ተራ እየያዝን እንጠቀማለን። ሱቁ ውስጥ ያለው ጩኸት አይነገርም። ሱዳኑም ሐበሻውም በየቋንቋው «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እያለ ይጮኻል፤ ወዲያ ማዶ የሚያለቅስ አለ፤ ወዲህ የሚያለቅስ አለ። እኔ አሮጌ ስልክ ተውሼ ጥግ እይዛለሁ፤ መጀመሪያ ገጹን እከፍታለሁ። ስንት ሰው ስለ መንገዱ ይጠይቃል፤ ለሱ እመልሳለሁ። ቀጥሎ ባለ አንበሳው የጻፈውን አያለሁ፤ ደሜ ይፈላል፤ ለሱም እመልሳለሁ። እህቴ ጋ ልደውል ስል ባለሱቁ «ያላ፣ ያ ኡስታዝ፣ ተራው የሌላ ሰው ነው» ይለኛል። ነገ እደውላለሁ እላለሁ። ነገም እንደዚያው ነው። ደህና መሆኔን እኔ አውቀዋለሁና አላጣደፈኝም።

በዚያ ሰሞን ሌቦች አዲስ ዘዴ አምጥተው ነበር። ካርቱም የጠፋ ሰው ያለው ቤተሰብ ጋ እየደወሉ በጠፋው ሰው ድምፅ ያስለቅሷቸዋል። እኔም ወዲያው አስጠነቀቅኩ። «በማታውቁት ቁጥር የዘመዳችሁን ድምፅ ብትሰሙ አትመኑ፤ ዛሬ ድምፅም ፎቶም ይፈበረካል» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ተቀባበለው። እህቴም ከተቀባበሉት አንዷ እንደነበረች በኋላ ነው የሰማሁት።

አንድ ከሰዓት አርካዊት መንገድ ዳር ሻይ ትሸጥ የነበረች ሱዳናዊት ሱቁ በር ላይ አገኘችኝ። ከዚያ ሸሽታ መምጣቷ ነው። ቢጫ በር ያለውን ግቢ ሼል የሚሉት የመድፍ ጥይት እንደመታው፣ የእኔ ክፍል የነበረችው ጣራዋ እንደወረደ ነገረችኝ።

«ሐበሻውስ?» አልኳት።

«ዋላሂ አላየሁትም» አለች።

ክው አልኩ። ወደዚያች ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የራሴ ጉዳይ ሁሉ ጠፍቶኝ ወዲያው ማጣራት ጀመርኩ። ቁጥሩን ከሻይ ሻጯ ተቀብዬ ወደ ፖርት ሱዳን ለሸሸው ለግቢው ባለቤት፣ ለሐጁ፣ «ግቢህን ሼል መታው ይባላል፤ ሐበሻውም ሞተ የሚባለው እውነት ነው?» ብዬ ላክሁ። ሞተ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄውን ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ሐጁ በማግሥቱ «አላህ ይርሐሙ፣ ጥሩ ልጅ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። አንድ ምንጭ ሆነ። ቀጥዬ ሱቅ ዐረቢ ልብስ ይነግዱ የነበሩትንና ሐጁን የሚያውቁትን አንድ ጋሼ ጠየቅኩ። እሳቸውም «አዎ ልጄ፣ እኔም ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናን» አሉኝ። ሁለት ሆነ። ሕጉ ተሟላ።

አሁን የቀረው አጻጻፉ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው መሞቱ በስልክ አይነገርም፣ በፌስቡክማ ጭራሽ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት ሆኖ፣ ማለዳ ቤቱ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ስሙን ብጽፍ አንዲት እናት ገበያ መሐል ቆማ ታነበዋለች። ስለዚህ ስሙን ትቼ፣ የሚያውቁት ሰዎች ብቻ አውቀው ቤተሰቡን በወጉ እንዲያረዱ፣ ምልክት ሰጠሁ። እንዲህ ይላል፦ «አርካዊት፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ቢጫ በር ካለው ግቢ የሚኖር አንድ ወንድማችን በሼል ሕይወቱ ማለፉን ከሁለት ምንጭ አረጋግጠናል። ቤተሰቡ በወጉ እስኪረዳ ስሙን አንገልጽም። ነፍስ ይማር።» መልሼ ሳነበው «በወጉ» የምትለዋ ቃል ላይ እንባዬ መጣ። ለሟቹ ይሁን ለአጻጻፌ ግን አላጣራሁም።

ወዲያው ባለ አንበሳው ከች አለ። «ሬሳውን ማን አየ?» ይላል።

ለሞተ ሰው እንኳ ክብር የሌለው ብዬ አስተያየቱን አጠፋሁ። እሱንም ከገጹ አገድኩት። ያን ዕለት ከሱቁ የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

በማግሥቱ ገጹን ስከፍት የሐዘን ቃል ሞልቶታል፤ በውስጥ መስመርም መልእክቶች ገብተዋል። የመጀመሪያው ከገዳሪፍ ነው። «ያን ግቢ አውቀዋለሁ፤ እኔም ትንሽ ቀን ኖሬበታለሁ» ይላል። «የሞቱት ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር ናቸው መሰለኝ፤ እኔ ስወጣ ተመልሰው ገብተው ነበር ማለት ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ትንሽ ነገር ያበዙ ነበር እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም።»

የካፌው ልጅ ነው። የገደልኩት ልጅ የእኔን ነፍስ ይማር እያለ ነው። በሕይወት መኖሩን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ባለሱቁን አቀፍኩት። ቀጥሎ «ነገር ያበዙ ነበር» የምትለዋ ቅር አለችኝ። ቀጥሎ ደግሞ ጉዳዩ እየገባኝ መጣ። ወደ ሐጁ ላክሁ፤ የልጁን ሞት ማን ነገረህ አልኩት። «አንተ ነህ የነገርከኝ» አለኝ፤ «ሞተ ብለህ ጽፈህልኝ የለም?» ልብስ ነጋዴው ጋሼ ደግሞ የሰሙት ከሐጁ ነው። ሁለቱም ምንጮቼ እኔው ነበርኩ። አንድ ጥያቄ ልኬ፣ ዞሮ ሲመጣልኝ በሁለት ምስክር ተቀብዬዋለሁ።

ማስተባበያ መጻፍ ጀመርኩ። እየጻፍኩ ሳለ ሁለተኛውን መልእክት አየሁት። የላከችው እህቴ ናት፤ ገጹ የእኔ መሆኑን ግን አታውቅም። «ስሙን ስላላወጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላለች። «ወንድሜ ነው። የግቢውን በር ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ድምፁን ከሰማን ቆይተናል። እናታችን ደም ብዛት ስላለባት ገና አልነገርናትም፤ አጎታችን ከገጠር እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። እሑድ ማለዳ እናረዳታለን። እስከዚያ እንዳትጽፉት አደራ።»

ወዲያው ደወልኩላት።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት።

«እኔ ነኝ እኮ፤ አልሞትኩም። ስልኬን ወስደውብኝ ነው…»

«በወንድሜ ድምፅ አትነግዱበት» ብላ ዘጋችው። ደግሜ ስሞክር ቁጥሬን አግዳዋለች። በገጹ በኩል ጻፍኩላት፤ አዘጋጁ እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው አልኳት። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «ገጹንም ሰረቃችሁት?» ብላ መለሰች። «እነዚያን ጨዋ ሰዎች ምን አደረጋችኋቸው?» እነዚያ ጨዋ ሰዎች እኔ ነበርኩ።

ማስተባበያውንም አወጣሁት። አርካዊት ሞተ የተባለው ሰው አልሞተም ብዬ ጻፍኩ። ይህን ጊዜ ሕዝቡ የመናገር ነፃነቱን ተጠቀመበት። «ማን አስፈራራችሁ?» አለ አንዱ። «ስንት ከፈሏችሁ?» አለ ሌላው። የሐዘን ቃል በጻፍኩ ጊዜ ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም፤ ሰው በሕይወት አለ ስል ግን ከየት አመጣኸው ተባልኩ። አንዲት ሴትማ እንደምታውቀው እየማለች ሟቹ እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደነበር በሰፊው ጻፈች። አላውቃትም። ቢሆንም ጽሑፏን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ። እሑድ ማለዳ አጎቴ ነጠላውን አጣፍቶ እናቴ በር ላይ ሲቆም ይታየኝ ጀመር። አባታችን ሲሞት ያረዷት ጊዜ ወድቃ ሐኪም ቤት አድራለች፤ ያኔ ጠንካራ ነበረች። አሁን ብትወድቅ የምትነሳ አልመሰለኝም። ሳትሞት ብትቀር እንኳ በጆሮዋ የልጇን መርዶ ትሰማለች፤ የጻፈውም ልጇ ነው። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ ሹሞቹ በር ሲያንኳኩም እንዲህ አልፈራሁም።

ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ድምፅ ሳይሆን በእግሩ ቤታችን የሚደርስ ሰው። ጎንደር ያሉ ጓደኞቼ ቁጥር ከስልኬ ጋር ጠፍቷል። ጎንደር መኖሩን በእርግጥ የማውቀው፣ ዛሬውኑ የሚመልስልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እገዳውን አነሳሁና ጻፍኩለት።

«የገጹ አዘጋጅ ነኝ። ሞተ የተባለውም ሰው እኔ ነኝ። አልሞትኩም፤ እናቴን እሑድ ሊያረዷት ነው። እባክህን ሂድልኝ።»

«በሕይወት መኖርህን ማን አየ?» አለኝ።

ባለሱቁን አስነስቼ አጠገቤ አቆምኩት፤ በቪዲዮ በዐረብኛ አናገረው። ባለ አንበሳው የካርቱም ዐረብኛ ስለሚችል የቀጠናውን መንገድ፣ የመስጊዱን ስም፣ የፉል ቤቱን ሰው ሁሉ ጠይቆ መረመረው። እኔ ባገሬ መንግሥት እንኳ እንዲህ አልተመረመርኩም። መጨረሻ ላይ «እሺ፣ አለህ» አለኝ። ቀጥሎ ግን ውል አመጣ፤ ያጠፋሁበትን አስተያየቶች እንድመልስ። የጠፋ አይመለስም አልኩት። እንግዲያው ጻፍ አለኝ። በገጹ ላይ «ሬሳውን ማን አየ ብሎ የጠየቀው ሰው ልክ ነበር፤ አዘጋጁ ተሳስቷል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ሹሞች ከጻፍኩት ይልቅ ይህን መጻፍ ከበደኝ።

«የማንጎውንስ?» አለኝ።

«እሱን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጽፍም።»

«ይሁንልህ» አለና አድራሻውን ተቀበለኝ።

ቅዳሜ ሄዶ እህቴ ከበር መለሰችው። እናቴን ከማያውቁት ሰው ጋር ማንም እንዲያገናኛት አትፈቅድም፤ ስልኳንም ደብቀውባታል። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «እሑድ ከአርጂዎቹ ጋር እገባለሁ» አለኝ። «ለመርዶ የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ማን ጠራህ የሚል ሰው የለም። አንተ ብቻ ማለዳ ስልክህ አጠገብ ሁን።» ልክ ነው፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባለሱቁን ማለዳ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። «ኢንሻላህ» አለኝ፤ ይህ ቃል እዚህ ከተማ እሺም እምቢም ስለሆነ በሐሳብ ተይዤ አደርኩ።

እሑድ ማለዳ ባለሱቁ ከመስጊድ መልስ መቁጠሪያውን እንደያዘ መጥቶ ከፈተልኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አፈጠጥኩበት። ሲጠራ ዘልዬ አነሳሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ የብዙ እግር ኮቴ ነው፤ ቀጥሎ የግቢያችን በር ሲከፈት፤ ቀጥሎ የአጎቴ ሳል። ከዚያ የባለ አንበሳው ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ፦ «እማማ፣ ካርቱም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንንም እንዳይሰሙ፤ ልጅዎ በስልክ ነው።» እህቴ ጮኸች፤ አስወጡት አለች። ግርግር ሆነ። በግርግሩ መሐል የእናቴ ድምፅ ቀረበኝ።

«ማነው?»

«እማዬ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

ምንም አልጠየቀችኝም። ምስክር አልፈለገችም፤ ምንጭ አልጠየቀችም።

«ጉንፋን ይዞሃል እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ባለሱቁ ወደ ውጭ ዞረልኝ። እዚያ ማዶ አጎቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል፣ እህቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ስትነፋረቅ ይሰማኛል። እናቴ ግን ዝግ ብላ ነበር የምትናገረው። «ሰሞኑን ስልኬን ሲደብቁኝ ገብቶኛል» አለች። «ጎረቤት ሲመላለስ፣ እህትህ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ገብቶኛል። እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የማላውቅ መስዬ የተቀመጥኩ።»  ስንት ሌሊት ብቻዋን አልቅሳ ይሆን።

«ይሁን፣ አለህልኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልደወልክልኝም?»

ሱቁ ውስጥ የሳተላይቱ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። 

«ኔት አልነበረም እማዬ» አልኳት።

ስልኩን የያዘው ባለ አንበሳው ነው፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማል። እናቴ ወደ እሱ ዞራ ስትናገር ሰማኋት።

«አንተ ልጅ፣ ካርቱም ነበርኩ ብለሃል፤ ወሬውን ታውቃለህ። እውነቱን ነው?»

ይህ ሰው እኔ የጻፍኩትን አንዲት ቃል እንኳ ሳይጠይቅ አሳልፎ አያውቅም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ኔት ከእኔ ጋር ሲከራከር የከረመውም እሱ ነው። 

«እውነቱን ነው እማማ» አላት። «ኔት አልነበረም።»